የአባትሽን ድምፅ ስቀዳ

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለኩኩዬ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሆድሽ እንዴት ነው? እግርሽ ማበጡን ተወ ወይስ አሁንም ጫማ አልገባ ይልሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን መዋሸት ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ከጎኔ ስለማይጠፋ ነው። አሁን ፀጉር ቤቱ ሄዷል፤ የመጨረሻውን ደንበኛ ሳይሸኝ አይመጣም። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጉንፋን ነው ያልንሽ የአባትሽ ሕመም ጉንፋን አይደለም። ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ተገኝቶበት ሰኞ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። እብጠቱ ሲወጣ ማንቁርቱም አብሮ ይወጣል ብሎናል ሐኪሙ። ይበላል፣ ይራመዳል፣ የደንበኞቹንም ፀጉር ይቆርጣል፤ ድምፅ ግን አይኖረውም። ይኸው ተናገርኩት። እርጉዝ ሰው እንዴት ይደነግጣል፣ ከወለደች በኋላ ትሰማለች ብሎ አባትሽ አስምሎኝ ነበር። መሐላዬን ማፍረሴ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አባትሽን ታውቂው የለ? ካላወራ መቀሱ አይታዘዝለትም። እሱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ማሰብ አቅቶኛል። ልጅሽ የአያቱን ድምፅ ሳያውቅ ማደጉ ደግሞ አንገበገበኝና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችውን ጎረቤታችንን ለመንኳት። መጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ስክሪኑን የሚቀዳ ፕሮግራም ጫነችልኝ። ስትደውይ የሚታየውንም የሚሰማውንም ያስቀራል። ድምፁን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለው፤ አንዱ ከኮምፒዩተሩ የሚወጣውን ይቀዳል፣ ያንቺን ማለት ነው። ሌላው በማይክሮፎኑ የሚገባውን፣ የቤቱን ድምፅ። ገባሽ ወይ አለችኝ፣ ገብቶኛል አልኳት። ምን የገባኝ!

ባለፈው ቅዳሜ ስትደውይ እዚያው ክፍል ውስጥ መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር። ትእዛዙ የሚቸኩል ነው። የስፌት መኪናዬ ጫጫታ ገብቶ ቅጂውን እንዳያበላሽ ብዬ ከፕሮግራሙ ላይ የማይክሮፎኑን ምርጫ አጠፋሁት። ብልህ ነኝ ብዬ እኮ ነው! አባትሽም ከመኪናዬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መሆኑ አልታየኝም። ያንን በየወሩ ፀጉር ልቆረጥ እያለ የሚመጣውን መላጣ ደንበኛውን ሲያወራልሽ፣ አንቺ "አባዬ ተው፣ እዚሁ ልወልድ ነው" እስክትይ ስትስቂ ትዝ ይልሻል?

ከዘጋሽ በኋላ ከፈትኩት። ያንቺ ሳቅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ አጠገቤ ያለሽ ነው የመሰለኝ። አባትሽ ስክሪኑ ጥግ ላይ በትንሿ መስኮት ይታያል። እጁን ያወናጭፋል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለም። አንቺ ትስቂያለሽ፣ እሱ ዝም። ሰኞን ቀድሜ ያየሁት መሰለኝ። ኮምፒዩተሩን ዘግቼ መጋረጃውን ልቀጥል ብል ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።

በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። ሁለቱንም ማብራት ነበረብሽ፣ ከዋናው ቀን በፊት ደግሞ ሞክሪው አለችኝ። ትናንት ልሞክር ብዬ ያንቺን አሮጌ ቪዲዮ ከፈትኩና መቅዳት እንደጀመርኩ የመጋረጃዋ ባለቤት በሩን አንኳኳች። እንደበራ ትቼው ወጣሁ። ስመለስ አባትሽ ጋዜጣ ያነባል። መቅዳቱን አቆምኩት።

እሱ ሲወጣ አዳመጥኩት። መጀመሪያ ያንቺ ቪዲዮ፣ ከዚያ የእኔ እርምጃ፣ በሩ ሲከፈት። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። መቅዳቱን የምታሳየዋን ቀይ ነጥብ አይቷት ነው መቼም። ጉሮሮውን ጠረገና ፀጉር ቤት ልጆች ወንበሩ ላይ ሲወጡ እንደሚላቸው አለ።

"ቀና በል። አትነቃነቅ። አያምህም፣ አያትህ ነኝ።"

አልጣመውም መሰለኝ፣ እንደገና ሳል ሳል ብሎ ደገመው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ሰለለበት። ቀጥሎም "ሴት ከሆንሽም ያው ነው" አለ። ከዚያ ጋዜጣው ሲገለጥ ይሰማል። ኩኩዬ፣ ሳቄና እንባዬ ተደበላለቀብኝ። ለእኔ እኮ አንድም ቀን ፈራሁ ብሎኝ አያውቅም። መስማቴን አልነገርኩትም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እንደባበቃለን።

አሁን አደራሽን፣ ቅዳሜ እንዳትቀሪ። ድምፁ በየቀኑ እየደከመ ነው፤ እሑድ ሆስፒታል ስለሚገባ ከቅዳሜ በኋላ ሌላ ቀን የለንም። ስለ በሽታው አታንሺበት። ማልቀስ ካማረሽ ከዘጋሽ በኋላ አልቅሺ። መላጣውን ሰውዬ ድገምልኝ በይው፣ እንደ አዲስ ሳቂለት። መብራት ቢጠፋስ፣ ኢንተርኔቱ ቢቆራረጥስ? ስለዚህ አንቺም በበኩልሽ ቅጂ። አንቺ ጋ የእሱ ድምፅ ከኮምፒዩተሩ የሚወጣው ነው፣ ያንቺው በማይክሮፎኑ የሚገባው። እንደ እናትሽ አትራቀቂ፣ ሁለቱንም አብሪ። እኔም ስፌቴን አቆማለሁ፣ ደንበኛዋ የፈለገችውን ትበል።

በሰላም ያገላግልሽ። ምጥሽን ያቅልልሽ። ልጅሽን አቅፈን ለመሳም ያብቃን፣ አባትሽንም ከሆስፒታሉ አልጋ በእግሩ ያስነሳልኝ።

ስላንቺ ማሰብ የማታቆመው

እናትሽ

ይህን ልልክልሽ ስል አባትሽ ገባ። ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። የመጋረጃዋ ደንበኛዬ ናት አልኩት። ጃኬቱን ሰቀለና መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ።

"ሰላም በያት" አለኝ በዚያ በሰለለ ድምፁ። "ቅዳሜ እንዳትቀር በያት።"