የዘጠኝ ሰኞ ወይን

ሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 2005

ነነዌ ዛሬ ገባ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለው የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያችን ግን ጾም መግባቱን የሰማ አይመስልም። የመጀመሪያውን የወይን ናሙና ወሰድኩ፣ ሃያ አራት ቱቦ፣ እንዲህ ዘጠኝ ሰኞ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። ጠጠር። ጥርስ ያደነዝዛል።

ዶክተር ታረቀኝ እንግዶች ይዞ መጣ። የጣቢያው ኃላፊ ነው፣ የማስተርስ ጽሑፌም አማካሪ… ምን አማራጭ አለኝ። እንግዶቹ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ለመክፈት ያስባሉ ተብሏል። ለናሙና ቀይ ክር ካሰርኩበት ዘለላ ላይ እየቀጠፉ ጎረሱ። በነነዌ፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። ሲኮመጥጣቸው እንትፍ እንትፍ አሉበት፣ ግንዱ ሥር። ዶክተሩ ይስቃል። ምራቃቸው የተንጠባጠበበትን ቅጠል በሁለት ጣቴ ቀጥፌ ጣልኩት።

«ክር የታሰረበትን አይንኩ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ሰቅያለሁ። ማንበብም ይጾማል እንዴ?

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ናሙናውን የማቀዘቅዝበት ፈሳሽ ናይትሮጅን አለቀብኝ። እንደገና ከከብት አዳቃዮቹ ልለምን ነው። የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡበትን ታንክ ከፍተው ሲቀዱልኝ አንድ ብልግና ሳይናገሩ አይለቁኝም። ያው ቀልድ፣ በየሳምንቱ። ኤዲያ።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ሁዳዴ ገባ። ወይኑም ዛሬ መቅላት ጀመረ! ሦስት አራት ፍሬ ብቻ፣ በዘለላው ጫፍ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት እነዚህን ሦስት አራት ፍሬዎች ነው…

እዚሁ ልጻፈው፣ ዶክተሩ ሳስረዳው ያዛጋል። ወይን ሲበስል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ፍሬ ይሆናል። የተኙ ጂኖች ይነቃሉ፣ ሲሠሩ የነበሩት ይተኛሉ። ስኳር ይገባል፣ ቀለም ይሠራል፣ አሲዱ እየተቃጠለ ይቀንሳል። ቆላ ላይ ሙቀቱ አሲዱን ቶሎ ይጨርሰዋል። የኛ ሌሊት ግን ብርድ ነው። ቆዳው ቀልቶ ውስጡ ይኮመጥጣል። ታዲያ የትኛው ጂን ነው የዘገየው? መቼ ነው የሚነቃው?

ይኼን የምትናገረው ጂኑ የሚልካት መልእክት ናት። እሷ ደግሞ ፍሬው በተቀጠፈ በደቂቃዎች መበታተን ትጀምራለች። ስለዚህ እዚያው ማሳው ላይ ናይትሮጅን ውስጥ መክተት ነው፣ ከዚያ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ወደሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር። አንዴ ከቀለጠ አበቃ። እስከሚቀጥለው ዓመት የለም።

የትምህርት ፈቃዴ ሐምሌ ላይ ያልቃል። ለኔ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል የለም።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

ስድስተኛው ሰኞ። ቀይ፣ ለስላሳ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ። ቀመስኩት፣ ፊቴ ጭምድድ አለ። ልክ እንደጠረጠርኩት! ብቻዬን ማሳው መሃል ሳቅኩ።

አንዱን ዘለላ ወፍ ወግታዋለች። ዝንብ ወርሮታል፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ዘበኛው ያለፈውን ሳምንት በሙሉ ከሥሩ ተቀምጦ ሲያወራ ነበር፣ አንድ ወፍ እሽ አላለም። እኔው አጸዳሁት። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ሽታው አይለቅም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

የቅርጫ ስብሰባ። ወይን ጠብቁ ሲባል የማይገኝ ሰው ለፋሲካ በሬ ጊዜ አንድ አይቀርም። ሲያወሩ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ስለ ሻኛ ብቻ ግማሽ ሰዓት!

ዶክተር ታረቀኝ ሴት ልጅ ደግሞ ቅርጫ ትገባለች ወይ እያለ አሾፈብኝ። አምናም ገብቻለሁ። እማዬ ዘንድ አማኑኤል ከተማ ውዬ ስመለስ የኔ መደብ አጥንትና ጨጓራ ብቻ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ዝንብ እየዞረው። ሥጋውን ተቃርጠውታል። እውነቱን ለመናገር ሥጋ ብዙም አልወድም። ንቀቱ ነው ያንገሸገሸኝ።

ዘንድሮም ገባሁ። የሚያርዱትም፣ የሚከፋፍሉትም፣ ዕጣ የሚያወጡትም የዕቃ ቤት ኃላፊው ጋሽ አለበል ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ሠርተዋል፣ ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሰው ሁሉ እየሰማ ተነሳሁ።

«ጋሽ አለበል፣ የኔን መደብ ዘንድሮ የሚጠብቁልኝ እርስዎ ነዎት። ጎድሎም ተበላሽቶም እንዳላገኘው።»

«በእኔ ይሁንብሽ» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። ይሳቅ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ዘጠነኛው ሰኞ። የመጨረሻው። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቱቦ፣ አንድም አልጎደለ። ከፍሪዘሩ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። መልእክቷን ከፍሬው የማወጣበት ኬሚካል ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል፣ ያኔ ሁሉንም በአንድ ላይ እሠራለሁ።

ቁልፍ ያለው እኔና ጋሽ አለበል ዘንድ ብቻ ነው። እሳቸው እንኳ ከዚህ ሁሉ ሆዳም መሃል ሰው ናቸው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

ጸሎተ ሐሙስ። ከሰዓት ወደ አማኑኤል። በሬው ግቢው ውስጥ ታስሯል። ዙሪያውን ቆመው ጭኑን ይዳብሳሉ፣ ገና በሕይወት እያለ ይከፋፈሉታል። እያየሁ ማለፍ አቃተኝ።

ስለ መደቤ ጋሽ አለበልን እንደገና አስታወስኳቸው። ስለ ቱቦዎቹ? ምንም አላልኩም። ምን ይባላል፣ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 30

በተራ በተራ ልጻፈው።

ጠዋት ስገባ ጋሽ አለበል በር ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው በርቷል። ነይ አደራሽን ተረከቢ ብለው ወደ ላብራቶሪው ወሰዱኝ። ፍሪዘሩን ከፈቱ። የኔ መደብ። ሽንጡ፣ ታናሹ፣ ጎድኑ፣ አንድ ነገር ሳይጎድል በላስቲክ ታስሮ፣ በረዶ ሆኖ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ። ደም ከላስቲኩ ወጥቶ መደርደሪያው ላይ ረግቷል።

ቱቦዎቹስ አልኩ።

ወደ ተራው ፍሪጅ አዙረዋቸዋል። ሥጋ ነው የሚበላሸው፣ ፍራፍሬ ቀን ይሰጣል ብለው። እሑድ ጠዋት፣ ቅርጫው እንዳለቀ። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ እስከ ትናንት። ጄኔሬተሩ የሚይዘው ፍሪዘሩን ብቻ ነው።

ፍሪጁን ከፈትኩ። ሳጥኖቹ አልቧቸዋል። ቱቦዎቹ ውስጥ ቡናማ ውሃ። አንዱን ከፍቼ አሸተትኩት… የከረመ አተላ። ዘጠኝ ሰኞ!

ጮህኩባቸው። ሽበታቸውን እያየሁ አንተ አልኳቸው። አንተ ደንቆሮ፣ አንተ ሆዳም፣ ለሥጋ ብለህ ገደልከኝ አልኳቸው። ሰው በበር በኩል ይሰማል። እሳቸው ላስቲኩን አዙረው አሳዩኝ፣ እንዳይቀየር ብለው በእስክሪብቶ ስሜን ጽፈውበታል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ኬሚካሉ ደረሰ። ሦስት ቱቦ ሞከርኩ፣ ምናልባት ብዬ። መልእክቷ ደህና ብትሆን ጥርት ያሉ ሁለት መስመሮች መታየት ነበረባቸው። ያየሁት ዝርክርክ ያለ ጥላሸት ነው። አለቀ።

ሥጋውን ለውሾች ጣልኩት። ሲጣሉበት ቆሜ አየሁ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ አስመለሰኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 2

ዶክተር ታረቀኝ ጠራኝ። ደብዳቤውን አስተይቦ ጨርሷል። ጋሽ አለበል የራሳቸውን ሥጋ ለማስቀመጥ ብለው ናሙናውን እንዳወጡ ይናገራል። የራሳቸውን!

ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አስረዳኝ። ጥፋቱ የሠራተኛ ከሆነ ገንዘብ ሰጪዎቹ አንድ ወቅት ይጨምራሉ፣ ፈቃዴም ይራዘማል። ሰውየው ይባረራሉ፣ ያው ከላይ የሚመጣ ኮሚቴ ነው የሚወስነው።

«ሥጋው ያንቺ ነው ከተባለ ግን፣ በገዛ እጇ አጠፋችው ነው የሚሉት» አለኝ።

ከስንጥሩ ጫፍ ላይ ያወጣውን አይቶ መልሶ ጎረሰው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ነው የተቀመጥኩት።

ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ኮሚቴው መጣ፣ ሦስት ሰዎች። ጋሽ አለበል የክት ኮታቸውን ለብሰው ገቡ። ያ ቅርጫው ስብሰባ ላይ የሳቀ ሰው ሁሉ ምስክር ሆኖ ተቀምጧል። አንዱም አልተነፈሰ። ዶክተሩን ፈርተው። ፈሪ ሁላ… እኔስ?

ሰብሳቢው ሥጋው የማን እንደነበር ጠየቁ። ወደ መስኮቱ አየሁ። ጋሽ አለበል ዘወር ብለው አንዴ አዩኝ።

«የኔ ነው» አሉ። ማርያምን ብለው ማሉ።

ከአዳራሹ ስወጣ ጎን ለጎን ነበርን። በሩን ይዘው አሳለፉኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

እህል አልገባልኝም። ይኼን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ምራቃሞች፣ ሆዳሞች፣ ባለጌዎች፣ ፈሪዎች… ያልሰደብኩት ሰው አልቀረኝም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

የማልወደውን ሥጋ ጠብቁልኝ አልኩ። ጠበቁልኝ። አሁን የጠበቀልኝን ሰው ላስባርር ነው፣ ለአንድ ወቅት ወይን። የሰው ምራቅ ሲቀፈኝ የከረምኩት ሴትዮ፣ ዛሬ የገዛ ፊርማዬ ቀፈፈኝ። ስሜን ሳየው ያቅለሸልሸኛል።

እማዬ ደወለች። ዘንድሮስ ሥጋሽን አገኘሽ ወይ አለችኝ። አገኘሁ አልኳት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ነገርኳቸው። የኮሚቴው ሰዎች ሊሄዱ መኪና ውስጥ ገብተው ነበር፣ በመስኮት ነው የነገርኳቸው። ሥጋው የኔ ነው፣ ጠብቁልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ደብዳቤው ውሸት ነው። ቱቦዎቹ እንዳይነኩ ለማንም አላልኩም። ፍሪዘሩ ላይ አንዲት ወረቀት እንኳ አልለጠፍኩም። ጽፈሽ ስጪ አሉኝ፣ የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፌ ጻፍኩ።

ዶክተር ታረቀኝ በረንዳው ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ያ እንኳ ቅር አላለኝም።

ወደ ዕቃ ቤት ሮጥኩ። ጋሽ አለበል ደስ የሚላቸው መስሎኝ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ማርያምን ጠርቼ በሐሰት የማልኩት ላንቺ ብዬ ነበር» አሉ። «እኔ የቀረኝ ሦስት ዓመት ነው፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ ብዬ። አሁን መሐላው በኔ ላይ ቀረ፣ ትምህርቱም ላንቺ አልሆነ።»

ይቅርታ ልላቸው ስል ቁልፋቸውን አንስተው ወጡ። ተጸይፈውኛል። እኔን መጸየፍ የሚገባቸውስ እሳቸው ናቸው።

ሰኞ፣ ግንቦት 19

ውሳኔው መጣ። ጋሽ አለበል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ሥራቸው ላይ ይቆያሉ። እኔ ከፕሮጀክቱ ወጥቻለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ፣ ባዮሎጂ ላስተምር። ጂኑ ለምን እንደሚዘገይ ሌላ ሰው ያግኘው።

ክሊራንስ ለማስፈረም ዕቃ ቤት ገባሁ። አሥራ አንድ ቀን ሰላም አላሉኝም፣ ዛሬም አላሉኝም። ቅጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና አንድ በአንድ ጠሩ። ቦቲ ጫማ። አለ። መቀስ። አለ። የስኳር መለኪያ። አለ። ቱቦ፣ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት።

ሳጥኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ፊታቸውን አላጨማደዱም። እኔም።

«የተበላሸ» አልኳቸው።

ቅጹ ያበላሸው ሰው ስም የሚል ቦታ እንዳለው ነገሩኝ።

«የብርጓል ብለው የኔን ስም ይጻፉ።»

ጻፉ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ማኅተም መትተው ኮፒውን ሰጡኝና ጓሮ ያለውን አካፋ ሊያመጡ ወጡ፣ ሳጥኖቹ መቀበር አለባቸው።

ብቻዬን አነበብኩት። ስሜ አለ። ከስሜ በፊት፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ተጨናንቆ፣ «አለበልና» ይላል።

አካፋውን ይዘው ተመለሱ። ሳጥኖቹን ተካፍለን ተሸከምናቸው።