ወይዘሮ ደሪቱ በቃላቸው የያዙት

ወንድሜ ይትባረክ፣

ቦሌ የመጣሁት የአንድ አስመጪ ድርጅት አሠራር ምን ያህል እንደበሰለ መዝኜ፣ ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ልሰጠው ነበር። የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚፈርም የሚያውቁት የድርጅቱ ነባር ሠራተኛ ወይዘሮ ደሪቱ ብቻ ናቸው። እኛ ደሴ እንዲህ ያለ ሰው ያለበትን ቤት የታደለ እንላለን፤ የእኔ መመዘኛ ግን ጥሬ ይለዋል፣ አንደኛ ደረጃ፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ። “ይንገሩኝ፣ ልጻፈው” አልኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ምሳቸውን እያካፈሉ ነገሩኝ።

ዛሬ ከነገሩኝ የጻፍኩት የአሠራር መመሪያ ጸደቀ። ሥራ አስኪያጁ “ከእንግዲህማ ማንም ይሠራዋል” አለና አሰናበታቸው። ድርጅቱ ሦስተኛ ደረጃ ገባ። የየካ አባዶ ታክሲ ሲሳፈሩ “ልጄ፣ የረሳሁት ካለ ደውልልኝ” አሉኝ።

ለእናትህ ለእትዬ ወርቄ ሰላምታዬን አድርስ። ሥራው እንዴት ሆነለት ካሉህ፣ ተሳካለት በላቸው።