አምስት ቆርኪ

ሐምሌ 29፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዛሬም መብራት የለም። ማስታወሻዬ፣ ላቤን ካንጠባጠብኩብሽ ይቅርታ። ስምንት ተማሪ፣ አንድ ሰሌዳ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት አባ ኮዳ አሞራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ዶ/ር ኦጁሉ መናገሩን ትተው ዝም ብለው ይጽፋሉ። የክረምቱ የሒሳብ ምርምር አራተኛ ሳምንቱ ነው።

ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። የእኔ ጥንድ ጋትዌች ነው፣ የማታር ልጅ። ዝምተኛ። አማርኛው ሲያልቅበት በጠመኔ ይጨርሰዋል። ሥራችን፦ ነጥቦችን በመስመር ማያያዝ፣ ከዚያ ቀለም መስጠት። የተያያዙ ሁለት ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም አይኖራቸውም። ቀላል ይመስላል። አይደለም።

በሚቀጥለው ዓርብ እናቀርባለን። የተሻለው ጥንድ አዲስ አበባ ጉባኤ ይሄዳል። የዶ/ር ሕግ፦ ጓደኛህ የጻፈውን አንተ ታስረዳለህ፣ አንተ የጻፍከውን እሱ።

ሐምሌ 30

ጋትዌች ሄደ። ባሮ ወንዝ ሞልቶ ማታር ቤታቸው ውኃ ገባ። እናቱ ብቻቸውን ናቸው። ረቂቅ ደብተሩን እጄ ላይ ጥሎ ሮጠ። ሐሙስ እመለሳለሁ ብሏል። እንዴት አድርጎ? እኔ እንጃ።

ነሐሴ 2፣ ከቀኑ 9፡00

ጉድ ፈላ! ሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ለስላሳ እየጠጣሁ ቆርኪ ደረደርኩ፣ ለጨዋታ። አምስት፣ ክብ ሠርቼ፣ ጎን ለጎን ያሉት እንደተያያዙ ነጥቦች። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ። አምስተኛው? ቀይ ባደርገው ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል። ቢጫ ባደርገው ከአራተኛው ጋር።

አጥርተን የጻፍነው ገጽ 6፣ የጋትዌች ክፍል፣ «ሦስት ማዕዘን ስለሌለው ሁለት ቀለም ይበቃዋል» ይላል። ቆርኪዎቹ ውስጥ ሦስት ማዕዘን የለም። ሁለት ቀለም ግን አልበቃም። በቃ፣ ሥራችን ተናደ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ሐጂ አዩኝና ልጄ፣ ቆርኪ ካማረሽ ከረጢት ሙሉ አለ አሉ። ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ጋትዌች፣ ምን ነክቶህ ነው?

ነሐሴ 4

ልጠግነው ሞከርኩ። ሦስት ቀለም ብሰጠው የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። ዘጠኝ ገጽ ቀደድኩ። የጋትዌች ስልክ አይሠራም። ለዶ/ር ልንገራቸው? ጓደኛዬን በሌለበት ላዋርደው? ዝም ብል ማንም አላየውም፤ ዶ/ርም አላዩትም። ይህ ደግሞ የባሰ ያስፈራኛል። ቀኑን ሙሉ አጎበር ውስጥ ተጋድሜ ዋልኩ።

ነሐሴ 5፣ ከምሽቱ 12፡00

ደወለ! ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው። እናቱ ደህና ናቸው፣ ት/ቤት ውስጥ ተጠልለዋል። እሱ ግን ለዓርብ አይደርስም። አዲስ አበባ ልሄድ ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። እናቱ ከውኃው ካተረፉት ዕቃ አንዱ ለጉዞው የገዙለት ጫማ ነው። እየሳቀ ነው የነገረኝ። አንቺ አቅርቢ፣ አምንሻለሁ አለ። ስለ ገጽ 6 ልነግረው ስል ተቋረጠ።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ምን ያዋሸኛል? ጊዜ ነበረኝ። አቃተኝ።

ነሐሴ 6፣ ከቀኑ 10፡00

ምናልባት መላ ይገኝበት እንደሆነ ብዬ ረቂቅ ደብተሩን ገለጥኩ። ገጽ 6 የተቀዳበት ቦታ። ዳር ላይ በእርሳስ ትንሽዬ አምስት ማዕዘን፣ ከጎኗ የጥያቄ ምልክት። ከሥሯ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፦ «ግልጽ ነው! እለፈው።»

ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ትዝ አለኝ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ርቦኛል። ሊያስረዳኝ ጀመረ፣ ቃል ጠፋበት፣ ጠመኔ ፈለገ። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። አራት ቀን ሙሉ እሱን ስረግም! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ እናቴ ትሙት።

ነሐሴ 7፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ተራዬ 3 ሰዓት ነው። ጉዞው ቀረ። ጫማውም ሳይደረግ ይቀራል። መጠገን አልቻልኩም፣ መደወል አልቻልኩም፣ ውኃውን ማጉደል አልችል።

አንድ ነገር ብቻ ወስኛለሁ። ከገጽ 1 አልጀምርም። ሰሌዳው ላይ አምስት ነጥብ አደርጋለሁ፣ ከላይ «የጋትዌች ጥያቄ» ብዬ እጽፋለሁ። ሕጉ ጓደኛሽ የጻፈውን አስረጂ አይደል የሚለው? የጻፈው ይህን ነው። ከዚያ እለፈው ያለችው ማን እንደሆነች

ዶ/ር ጠመኔውን ይዘው እየጠሩኝ ነው