መርሳ ላይ ስለተገጣጠመችው መኪና፤ ለአህጉራዊው የመኪና ማምረቻ ትስስር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ለክቡር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤንነትን፣ ለስብሰባ አዳራሽዎ ማቀዝቀዣም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ መርሳ አውራ ጎዳናው ዳር ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። አንዱ የአፍሪካ አገር ጎማ፣ ሌላው ባትሪ፣ ሌላው ሽቦ እያመረተ በጋራ መኪና እንደሚሠራ በሬዲዮ ሲያብራሩ ሰማሁ። የምጽፍልዎ ሳናስፈቅድ ቀድመን በመሞከራችን ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

፩ኛ፦ ባለፈው ጥቅምት ጦርነቱ መንገዱን በሁለቱም በኩል ዘግቶ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ ሳለ፣ ጎረቤቴ ከድጃ ሁለት ቀን አምጣ መውለድ አቃታት። ለእሷም ሆነ በከተማው ለወደቁት ቁስለኞች አምቡላንስ የሚባል አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ የሠራው አብዱልሐሊምና እኔ ቆማ ለኖረች አሮጌ ፒካፕ ባትሪ ከወፍጮ ቤት፣ ራዲያተር ከተመታ ሚኒባስ፣ ጎማ ከተጣለ መኪና አሰባስበን፣ በናፍጣ ፋንታ ላምባ ከዘይት ቀላቅለን አስነሣናት። ጉባኤ ባለመጥራታችን ይቅር ይበሉን፤ ምጡ ፋታ አልሰጠንም።

፪ኛ፦ በውስጥ መንገድ አሳብረን፣ አጠገባችን ባለችው ሲሪንቃ አንዲት አዋላጅ ነርስ ዘንድ በሰላም አደረስናት፤ ሴት ልጅ ተገላገለች። አብዱልሐሊም ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «አንተ አጠገቧ ቆይ፤ መርሳ የቀሩትን ቁስለኞች ይዤ ከዐስር ሶላት በፊት እመለሳለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብሎኝ ሄደ። እስኪመሽ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅሁት። በማግስቱ በእግሬ መርሳ ስገባ እሱንም መኪናዋንም ያየ ሰው አጣሁ።

፫ኛ፦ አሁን መንገዱ ተከፍቷል፤ ደንበኛም መምጣት ጀምሯል። ስለ ሰለጠነ የሰው ኃይል የተናገሩትን በተለይ አመሰግናለሁ፤ ሞተር ለማውረድ ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ ጥናትዎ ሳይደርስበት አይቀርም። መኪና ሥር ተኝቼ «የአሥራ አራት ቁልፍ አቀብለኝ» እላለሁ። ትንሽ እጠብቅና ራሴ ወጥቼ አነሣለሁ። የአብዱልሐሊም ሚስት ነሲባ ጁምዓ ጁምዓ መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች።

አገርን ከአገር ለማገናኘት ለሚደክመው ጽሕፈት ቤትዎ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽሁ፣ ሰው ከባልንጀራው የሚገናኝበትንም ጉዳይ ከአጀንዳዎ መጨረሻ፣ ከምሳ በፊት በምትተርፈው ደቂቃ እንዲያስገቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት አድናቂና ያልተፈቀደለት መኪና ሠሪ፣
ፈንታው አዳነ
መርሳ፣ ጥር ፳፻፲፬ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ንድፋችን በተፎካካሪ እጅ ይገባል ብለው አይስጉ። የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ሁለተኛው የት እንዳለ የሚነግረኝ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።