መንገድ ላይ የወደቀው ጽድ እና ያልሄደችው እህቴ

ለጽድ አምባ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክረምቱ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና የመሥሪያ ቤቱን መኪና እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን፤ ከዚያ ያለፈውን ከዚህ በታች በቁጥር እየለየሁ አስረዳለሁ። ስሜ ቢያድግልኝ አምባቸው ነው። መካነ ሰላም ከተማ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ እተዳደራለሁ። እስከ ዛሬ የምጽፈው የሌላ ሰው አቤቱታ ነበር፤ የራሴ ጉዳይ እንዲኖረኝ ያበቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ውለታዎን አልዘነጋም።

በሰኔ ወር በሬዲዮ ቀርበው «ክረምቱን ከነቤተሰባችሁ በግዙፎቹ ጽዶች ሥር አሳልፉ፤ መንገዱ ክፍት፣ ማረፊያው ዝግጁ ነው» ማለትዎን ያስታውሱ ይሆናል። እኛ ቤት ሬዲዮኑን ያዳመጠችው እህቴ የኔአለም ነበረች። የኔአለም ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ከስድስት ዓመት በኋላ ለዕረፍት የመጣች ልጅ ናት። የአሠሪዎቿ ልጆች «አገርሽ ውስጥ ዛፍ አለ ወይ?» ብለው ጠይቀዋት «አንድ ቤተሰብ እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበው ዛፍ አለ» ብላ መልሳላቸው ኖሯል። ዛፉን ግን አይታው አታውቅም። መካነ ሰላም ተወልደን ያደግን ሰዎች እናንተን እንደ ጎረቤት ስለምናያችሁ ጉብኝቱን ነገ ነገ እያልን አሳድረነዋል። «ውሸታም ሆኜ አልመለስም፤ ሳልሄድ ውሰደኝ» አለችኝ። የአውሮፕላን ትኬቷ ለማክሰኞ ማታ ነበር፤ የመመለሻ ፈቃዷም የሚያበቃው በማግስቱ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ሄደን እሁድ ብንመለስ፣ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ትሳፈራለች ብለን ቆጠርን። ቆጠራችን ስሕተት አልነበረውም፤ የጎደለው እርስዎን አለመቁጠራችን ነው።

እኔ፣ ባለቤቴ ሰብሌ፣ ልጆቻችን፣ የኔአለምና እናታችን ወይዘሮ አስቻለች በሾፌሩ በያሲን ሚኒባስ ተነሣን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ «አንቺ እንኳ ቅሪ» ስንላት «ልጄ ከምትሄድበት ልቅር? ከርማ ስትሄድብኝ ያኔ እቀራለሁ» ብላ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች።

፩. ስለ ማረፊያ ቤቱ። ማረፊያ ቤቱ በእርግጥ አለ፤ ቆርቆሮውም አዲስ ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዎታል። ቁልፉ ግን ለሥልጠና ወደ ከተማ ከሄደው ሠራተኛ ኪስ ውስጥ አብሮ ሠልጥኖ ይመለሳል ተብለን ሚኒባሱ ውስጥ አደርን። ይህን እንደ ቅሬታ አይያዙብኝ። ዝናቡ ከውጭ ነበር፣ እኛ ከውስጥ።

፪. ስለ ጽዶቹ። ይህኛው ቅሬታ አይደለም። ቁጥር ከሰጠሁት በኋላ ስላወቅሁ ይቆይ ብዬ ተውኩት። የተከበሩ ሆይ፣ ጽዶቹ የእርስዎ ሥራ ባይሆኑም ድንቅ ናቸው። ከቅድመ አያቶቻችን በፊት የቆሙ፣ ጫፋቸው ጉም ውስጥ የገባ፣ ሥሮቻቸው ከሰው ቁመት በላይ የሚያብጡ። ከሁሉ ግዙፉን ለመክበብ እኛ እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ አልደረስንም። ያሲን ተጨመረ፤ አልደረስንም። የፓርኩ ጥበቃ አለምነው መሣሪያውን ሣር ላይ አስተኝቶ «እስቲ እኔም ልግባበት» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ያኔም በሰብሌና በእሱ ጣቶች መካከል ክፍተት ቀረ። የኔአለም ጉንጯን ልጡ ላይ አስደግፋ እየሳቀች «አልዋሸሁም! አልዋሸሁም!» ስትል የልጅነት ሳቋን ሰማሁት። እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት ወደ ጅዳ ሳትሄድ በፊት ነበር። እናቴ ደግሞ ወደ ጽዱ ቀርባ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተሳለመችው።

፫. ስለ ወደቀው ጽድ። እሁድ ጠዋት ጠቅልለን ስንወጣ፣ ዝናቡ ሥሩን ያላላው ሌላ ጽድ መንገዱ ላይ ጠመዝማዛው ዘንድ ተጋድሞ አገኘን። በግራ ገደል፣ በቀኝ ዐለት ነው፤ መኪና የሚያልፍበት የለም። ለዚህም እርስዎን አልወቅስም፤ ዛፍ የሚወድቀው በእግዜር ፈቃድ እንጂ በጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ አይደለም። የሚነሣው ግን በእርስዎ ፈቃድ መሆኑን ወዲያው ተማርን። ከታች ካለው መንደር ገበሬዎች መጥረቢያና መጋዝ ይዘው ደረሱልን፤ ታላቃቸው አባ አወቀ እናቴን እያዩ «አብሽሪ እናቴ፣ ሳይረፍድ እናሳልፋችኋለን» አሉ። አንድ ቅርንጫፍ ሳይወርድ አለምነው እየሮጠ መጣ።

«አባቶቼ፣ በታቦቱ ይዣችኋለሁ! ይችን የነካ እኔን ነው የሚያሳስረኝ።»

«ወድቃለች እኮ አለምነው። ሞታለች!» አሉት አባ አወቀ።

«ብትሞትም የፓርኩ ናት» አለ፤ ሲናገር ግን ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ነበር። ወርሃዊ ደመወዙን የሚጠብቁ ልጆች ያሉት ሰው መሆኑ ከፊቱ ይነበባል። ስለዚህ እሱንም አልከሰስኩም።

፬. ስለ ክቡር ቃልዎ። ዋናው ይህ ነው። አለምነው ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣ፤ እኔም ተከትዬው ወጣሁ። ስልኩን አስጩኾ ስለያዘው ድምፅዎን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ አሉ፦ «ማንም እንዳይነካት! ዛሬ ከሰዓት ባለሙያና የሞተር መጋዝ ይዤ እኔው ራሴ እመጣለሁ። እንግዶቹም በእግር እንዳይወጡ፤ አንድ ነገር ቢሆኑ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ስወርድ የኔአለም ጫማዋን አጥብቃ አስራ ቆማ ነበር። «በእግር እንሂድ፤ አሁን ከወጣን ለማታ ቤት ነን» አለች። በእግር ስንሄድ የምንሻገረው፣ ከፓርኩ በታች ያለው ወንዝ በዚያ ጠዋት ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር፤ አባ አወቀና ሰዎቻቸው የመጡት ያንኑ ተሻግረው ነው። እኔ ግን የእርስዎን ቃል ነገርኳት። ያሲንም «ወላሂ፣ ትልቅ ሰው በስልክ እመጣለሁ ካለ ይመጣል» አለ። የኔአለም ጫማዋን ፈታች፤ ተቀምጠንም የሞተር ድምፅ ማዳመጥ ጀመርን። ንብ በጮኸ ቁጥር «መጡ!» የሚሉ ልጆቼ በመጨረሻ ንቦቹን ተቆጡ። ከሰዓት አለፈ፤ እሁድም አለፈ። አለምነው ደጋግሞ ጉብታው ላይ ወጣ፤ ስልክዎ አይነሣም ነበር። ደህንነታችን ያሳሰበው ሰው ዕረፍት ማድረጉ የሚገባ ስለሆነ ይህንንም በአክብሮት አልፈዋለሁ።

፭. ስለ ወንዙ። ሰኞ ጠዋት የኔአለም ማንንም አልጠየቀችም። ወደ ግንዱ ሄዳ መውጣት ጀመረች፤ እናቴ በሚያማት ጉልበቷ ተንበርክካ ትከሻዋን አስረግጣ አሻገረቻት። እኔም ተከተልኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን የሌሊቱ ዝናብ ቀድሞን ደርሷል፤ ደፍርሶ፣ ከነጉቶው እየተግተለተለ ይወርዳል። ከወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች በእጃቸው «ተመለሱ! ተመለሱ!» ይሉናል። የኔአለም ልብሷን ሰብስባ ልትገባ ስትል በእኛው ዳር ከብት የሚያግዱ አንድ ሽማግሌ ክንዷን ያዟት።

«ልጄ፣ ይህ ውኃ ትናንት ሕፃን ያሻግር ነበር። ዛሬ በቅሎ ይወስዳል። ትናንት የት ነበርሽ?»

የተከበሩ ሆይ፣ እህቴ የሰበሰበችውን ልብስ ለቀቀች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውኃውን አየች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌው ቤታቸው አሳደሩን። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ውኃው ሲጎድል በገመድ ተሳስረን ተሻገርን፤ ቀሪውን መንገድ በእግራችን ጨርሰን መካነ ሰላም ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አውሮፕላኑ በዚያው ማታ ከአዲስ አበባ ይነሣል። የኔአለም ለጅዳ ጓደኞቿ በርበሬና ሽሮ አጭቃ የቆለፈችው ሻንጣ ላይ ተቀመጠች፤ ሰማይ ሰማይም አየች፤ በእኛ ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን ያለ ይመስል።

የሞተር መጋዙ የደረሰው ሐሙስ ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ ረቡዕ ዕለት የወደቀውን ጽድ የሚለካ ኮሚቴ መጥቶ ሜትር እንደዘረጋ ሰብሌ ነግራኛለች። እስከዚያ ድረስ እናቴንና ልጆቼን በገብስ ቆሎና ቂጣ ያኖሯቸው እነ አባ አወቀ ናቸው። አለምነውም የራሱን ስንቅ አካፍሏቸዋል፤ ይህ ከመመሪያ ውጭ ከሆነ እባክዎ እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ።

፮. ስለ ማረጋገጫው። የኔአለምን ወደ ጅዳ የላካት ኤጀንሲ «መንገዱ በተፈጥሮ አደጋ ተዘግቶ እንደነበር የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጡ፤ አሠሪዎቿን እንለምናለን» አለን። ቢሮዎ መጣሁ። ወንበር አቀረቡልኝ፤ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ከዚያም «አቶ ቢያድግልኝ፣ ፓርኩ ክፍት ነው እያልን በሬዲዮ እየተናገርን ተዘግቶ ነበር ብለን እንዴት እንጽፋለን?» አሉኝ። ስንት ዓመት አቤቱታ ስጽፍ እንዲህ አፍ የሚያስይዝ መልስ አላጋጠመኝም።

ይሁን እንጂ ጽሕፈት ቤትዎ ጨርሶ አልጻፈም ማለት ነውር ይሆንብኛል። ባለፈው ሳምንት ማኅተም ያለበት ወረቀት ደርሶናል፤ ከተፈቀደልን ቀን በላይ በፓርኩ ውስጥ በመቆየታችን እንድንቀጣ የሚያዝ። ባለቤቴ ስታነበው ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ተስፋ አደረግሁ፤ በዚያ ሳምንት የት እንደነበርን የሚመሰክር የመንግሥት ማኅተም ነውና ለኤጀንሲው ላክሁት። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ይኸው ራሱ ወረቀቱ የቆየችው በገዛ ጥፋቷ ነው ይላል።» አሠሪዎቿም ሌላ ልጅ ቀጥረዋል።

ስለዚህ ዛሬ የምለምንዎት ለቪዛ አይደለም፤ እሱ አልፏል። በሠፈራችን «የኔአለም ምን ሠርታ ተባረረች?» የሚል ወሬ ተነሥቷል። እሷም ወደ ገበያ መውጣት ትታለች፤ ሰው ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። «መንገዱ ተዘግቶ ነበር» የሚሉ ሦስት ቃላት ይጻፉልኝ። ግድግዳችን ላይ እሰቅለዋለሁ። ካልተመቸዎት ማኅተሙም ይቅር፤ በእጅዎ ብቻ ይጻፉት።

ሌላ የማደርገው የለኝም። ክስ እንዳልመሠርት ዛፍ አይከሰስም፤ ወንዝም መጥሪያ አይቀበልም፤ እርስዎን ደግሞ ስልክ አያገኝዎትም።

ጽዶቹ ለዘመናት በቆሙበት ጽናት እርስዎም በወንበርዎ ጸንተው እንዲቆዩ እየተመኘሁ፣ ቢመጡ ለመቀበል ባይመጡም ለመጠበቅ የለመድኩት፣

ታዛዥዎ
ቢያድግልኝ አምባቸው
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ መካነ ሰላም

ማሳሰቢያ፦ የፊታችን ሐሙስ እናቴ ወይዘሮ አስቻለች አንድ ቅል ቅቤ ይዛ ቢሮዎ ትመጣለች። ቅሪ ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። «ስንት ዓመት ተስዬ ያላገኘሁትን ያ ሰውዬ ዘግይቶ ሰጠኝ፤ ልጄ አጠገቤ እያደረች ሳላመሰግነው ልቅር?» ትላለች። እባክዎ ተቀብለው ይመርቋት፤ በዚህ ጉዳይ ያለ አሽሙር የሚያመሰግንዎ ሰው እሷ ብቻ ናት። ይህን ደብዳቤ አታነበውም፤ ፊደል ስላልቆጠረች ወረቀት የሚያነብላት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ እንዳያመልጥዎት እለምናለሁ፦ የኔአለም ከሰሞኑ በጅቡቲ በኩል በበረሃና በባሕር ከሚያሻግር ሰው ጋር በስልክ እየተነጋገረች መሆኗን ለእናቴ አይንገሯት። እኔ እህቴ እግር ሥር ወድቄ ለምኛታለሁ። «ተወኝ ወንድሜ» ነው ያለችኝ፤ «በዚያ መንገድ ላይ እንኳ የሚወድቅ ዛፍ የለም።»