በማቴዎስ ፈቃድ ላይ የተጣሉት አራት ገደቦች

ጥር 14፣ ሐሙስ

ከቤሌ ዝንጅብል ገባ። ግማሹ አልደረቀም። መለስኩት። ሾፌሩ አጉረመረመ። እርጥቡ ደረቁን ያሻግታል።

ደላላው ጴጥሮስ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ለጠበቃህ ሞግዚት ተቀጠረለት አሉ!» አለ። ጫኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ጠበቃው ማቴዎስ ነው። የክርስትና ልጄ። ፍትሕ ቢሮው ፈቃዱን አልነጠቀውም፤ ገደብ ጣለበት። ጣጣው የመጣበት በእኔ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ሳቅሁ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ማቴዎስ ጋ ሄድኩ። ደብዳቤውን ከፈቃዱ ጎን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። አራት ነጥብ ነው፤ ለአንድ ዓመት የሚጸና። 1. ነባር ጠበቃ አብሮ ካልፈረመበት ምንም ጽሑፍ ለፍ/ቤት አያስገባም። 2. በሽምግልና በተቀመጠበት ጉዳይ ለማንም አይቆምም፣ ማንንም አያማክርም። 3. የደንበኞቹንና የተቃራኒዎቻቸውን ዝርዝር በየወሩ ያቀርባል። 4. አዲስ ደንበኛ ውል ከመፈረሙ በፊት ይህን ደብዳቤ ያሳየዋል። አንዱን ከጣሰ ፈቃዱ ይሰረዛል።

እዚያው እያለሁ ሁለት ገበሬዎች ከበዴሳ መጡ። የመሬት ነገር። ትልቁ ማንበብ አይችልም። ማቴዎስ ራሱ አነበበለት፤ አራቱንም፣ ቀስ ብሎ፣ በወላይትኛ እየተረጎመ። ሰውየው አመሰገነ። ተማክረን እንመለሳለን አሉ። በመስኮት አየኋቸው፤ ማዶ ካለው ፎቅ፣ ሌላ ጠበቃ ጋ ወጡ።

ማቴዎስም አይቷል። ሻይ ላስመጣልህ አለኝ።

ጥር 17፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ማስታወሻዬ፣ እስካሁን ላንተም ቀንሼ ነው የነገርኩህ። ዛሬ በቅጡ ልጻፈው።

ተበላ ከተማ ያለውን ወፍጮ ከዳንሳ ጋር ነው ያቆምነው። እኩል በእኩል። ዳንሳ አምና ሞተ። ሚስቱ ወ/ሮ አስቴር የባሏን ግማሽ ጠየቀች። ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ወፍጮ ነው።

እዚህ አገር ጠበቃ ዘመድ ካለህ መጀመሪያ የምታስቀምጠው ለሽምግልና ነው። ሁለታችንም ማቴዎስን አስቀመጥነው። አስቴር ለብቻው አነጋገረችው። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ፣ አስቴር የሽርክናው ወረቀት አላት እንዴ አልኩት። እንደ ዋዛ። ደክሞታል። «የዳንሳ ቅጂ ከለቅሶው ወዲህ ጠፍቶባታል» አለ። ወዲያው ነቃ። «አባባ፣ ይህን አልሰማህም።» አልሰማሁም አልኩት።

በሳምንቱ ሽምግልናውን አፈረስኩ። ለማቴዎስ፦ ያልተጻፈ ወረቀት ነው የምትፈልገው፣ ዳንሳ ቅጥረኛዬ ነበር አልኩት። አመነኝ። ክስ ሲመጣ ጠበቃ ሁነኝ አልኩት። መሃል ተቀምጬ አይሆንም አለ። በጥምቀትህ ቀን ማን ነው ያቀፈህ አልኩት። ተሸነፈ። ለክሱ በሰጠነው መልስ ላይ «ወረቀት ካላት ታቅርብ» የሚል አስገባሁ። አስቴር መጥፋቱን የነገረችው ለማቴዎስ ብቻ ነው። ገባት። ለቢሮው አመለከተች። እውነቷን ነው።

ድሮ ኢሻ ነበር የምትለኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። ፍ/ቤት ውስጥ «ተከሳሹ» አለችኝ።

ወረቀቱ ተጽፏል። የእኔ ቅጂ ቤት ነው ያለው፤ ከግብር ደረሰኞቹ ሥር። አልቀደድኩትም። ከጥሩነት አይደለም። ነጋዴ ወረቀት አይቀድም።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ነገሩን እንደ ሥራ ያዝኩት። ሦስት ነጋዴዎች ለማቴዎስ ላክሁ፤ የኪራይ ውል ያሠሩት ብዬ። ከቀኑ 10 ላይ ደወለ። «አባባ፣ ሰው አትላክልኝ። አንዱ ደብዳቤውን ሳያይ ፈረመ። ጋሼ ካሉ በቃ አለኝ። የፈረመውን ወረቀት ቀድጄ ደብዳቤውን አስነበብኩት።»

ከዚያስ አልኩ።

ሄደ አለኝ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

አብረውት የሚፈርሙትን ነባር ጠበቃ አገኘኋቸው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ቀልደኛ። ገደቡ ለምን ከበደ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ልጅህ መከላከል አያውቅም እኮ!» አሉኝ። የቢሮው የዲሲፕሊን ጉባኤ የአስቴር ምሥጢር እንዴት ወጣ ብሎ ሲጠይቀው፣ ማንም ሳይጠይቀኝ በራሴ አፍ አወጣሁት ብሎ ጽፏል። ሰው ጠይቆኝ ነው ብሎ ቢጽፍ ይቀልለት ነበር አሉ።

ማንም ሳይጠይቀኝ።

ጠይቄዋለሁ። ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ ጠይቄዋለሁ። ስሜን ሸፈነው። እኔ የሸፈንኩት ወረቀት ነው።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ለማቴዎስ ነገርኩት። ወረቀቱ አለ፣ እኔ ጋ ነው አልኩት። እጁን አነሣ። «ቁም፣ አባባ። ምን ላድርግ እንዳትለኝ። በዚህ ጉዳይ ላማክርህ አልችልም።» በዓይኑ ግድግዳውን አሳየኝ። ነጥብ ሁለት።

እጁን አወረደ። «ግን አልተጻፈም ብለኸኝ ነበር» አለ። አዎ አልኩ። ሌላ አልጠየቀም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁልጊዜ ትከሻዬን ስሞ ነው የሚሸኘኝ። ዛሬ እጁን ዘረጋልኝ። እንደ ደንበኛ።

ጥር 29፣ ዓርብ

ከማቴዎስ በኋላ የያዝኩት ጠበቃ ጋ ዋልኩ። ብልህ ነው። ወረቀቱን በቀጠሮው ቀን፣ ዕቃ ስናገላብጥ ተገኘ ብለን እናስገባው አለ። አስቴር ድርሻዋን ታገኛለች፣ አንተንም የሚነካህ የለም። ሐሳቡን ወደድኩት፤ አልዋሽህም። ንጹሕ ሥራ ነው። ግን ማቴዎስ ከነደብዳቤው እዚያው ይቀራል።

እምቢ አልኩ። ሁለት ደብዳቤ በእጄ ጻፍኩ። ለፍ/ቤቱ፦ ወረቀቱ ይኸው፣ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ለቢሮው፦ ምሥጢሩን ጠይቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጠበቃ እንዲሆነኝም ያስገደድኩት እኔ ነኝ። ጠበቃው፣ ይህ ሊያስከስስህ ይችላል አለ። ይችላል። ገደቡ ይነሣ እንደሆን ጠየቅሁት። ተስፋ አልሰጠኝም። የልጁም ጥፋት አለበት አለ። አለበት።

ከሁለቱም በፊት ግን ለአስቴር በአፌ መንገር አለብኝ። እሑድ ልሄድ ነበር ያሰብኩት። እሑድ ወፍጮው ዝግ ነው፣ ሁለታችን ብቻ እንሆናለን።

ነገ የተበላ ገበያ ነው። ወፍጮው በር ላይ እህል የያዘ ሰው ይሰለፋል፤ ግማሹ ያውቀኛል።

ነገ እሄዳለሁ።