አቶ ይመር ያልቀነሱት ቃል

ኅዳር 5፣ ሰኞ፣ ጠዋት
የውኃ ጽ/ቤታችን ማኅተም ዛሬም ከአዲስ አበባ አልደረሰም። ክልሉ አዲስ፣ ጽ/ቤቱ አዲስ፣ እኔም ለአሶሳ አዲስ። ኃላፊዬ በኅብረተሰብ ሥራ የምንመራባቸውን እሴቶች በአንድ ገጽ ጻፊ ብለውኛል። ተሳትፎ፣ ፍትሕ፣ እኩልነት ብያለሁ። ማስታወሻዬ፣ አንተን አልዋሽህም፤ ከሥልጠና ደብተሬ ገልብጬ ነው።

ነገ መስክ። አንድ የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት መንደር፦ የአገሩ ነባር በርታዎችና በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች። ባለሙያው ሁለት ቦታ ውኃ አግኝቷል። አንዱ ሰፋሪዎቹ ደጃፍ፣ ሌላው መካከል ላይ። የቱ ይሁን?

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት
አሁን ገባሁ።

ስብሰባው ሰፋሪዎቹ ዘንድ፣ ማንጎ ጥላ ሥር ተጀመረ። ወንዶች ብቻ። አንድ የበርታ ሽማግሌ ተነሡ። እኛ ውኃ አንቀዳም፤ የሚቀዱት ይጠየቁ አሉ። ሁሉም ተነሥቶ ወደ ወንዙ። ሽበታሞቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሴቶቹን ጠበቁ። ስብሰባ ተነሥቶ ወደ ሰው ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ሴቶቹ ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት ዘንግ ግራና ቀኝ ቅል አንጠልጥለው መጡ። ወ/ሮ ሀዋ የሚባሉ በርታ በቋንቋቸው፣ በሩጣንኛ፣ ረጅም ተናገሩ። አስተርጓሚያችን ወባ ይዞት ቀርቷል። ቋንቋውን የሚያውቁት አቶ ይመር ብቻ። የሰፋሪዎቹ ተወካይ! ፓምፑን ደጃፋቸው የሚፈልጉት እሳቸው! ፈራሁ።

እሳቸው መሬት መሬት እያዩ፦ "እናንተ ዘንድ ከሆነ ነፍሰ ጡሮቻችን ዳገት ሊወጡ ነው ይላሉ። ባለፈው ክረምት አንዲቱ ዳገት ላይ ወልዳ ልጇ ሞተባት። መካከል ይሁን ይላሉ።"

ሰፋሪዎቹ አጉረመረሙ። አቶ ይመር ግን ቀጠሉ። "ስትመጡ ይህን ወንዝ ያሳየናችሁ እኛ ነን፤ ይህንንም ንገርልን ብለዋል።"

ከዚያ እጅ ወጣ፤ መካከል ሆነ።

ወ/ሮ ሀዋ ወደ እኔ ጠጋ አሉና በተሰባበረ አማርኛ፣ እኔን ሴቷን አንተ እያሉ፦ "አንተ ጻፍ። ይመር ምንም አልቀነሰም። እኔ አማርኛ እሰማለሁ፤ መናገር ነው ከባድ።"

ኅዳር 7፣ ረቡዕ
አቶ ይመርን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ቢያጣምሙት ማን ያውቅ ነበር? ወ/ሮ ሀዋ አማርኛ እንደሚሰሙ አቶ ይመር አያውቁም ነበር።

"ቃላቸውን አደራ ሰጡኝ። አደራ በልቼ ከማን ጋር ልኖር ነው፣ አንቺ ልጅ?"

ሚስታቸው ባቄላ እየለቀሙ ሰሙን። ከእንግዲህ የሚስትየዋም የውኃ መንገድ ይረዝማል። እግር አላጣሁም አሉ። ያሉት ይኸው ብቻ ነው።

ቢሮ ተመልሼ ገጹን ሰረዝኩ። አዲስ ጻፍኩ፦ ስብሰባ ሥራው የከበደበት ሰው ዘንድ ይሄዳል። የሰው ቃል፣ ተርጓሚውን ቢጎዳም፣ ሳይቀነስ ይደርሳል። ኃላፊዬ ሁለቴ አነበቡት። ማን ነው ያስተማረሽ አሉ።

ኅዳር 9፣ ዓርብ
የፓምፑ ቦታ ችካል መካከል ላይ ተተከለ። ወ/ሮ ሀዋ ያዙ፣ አቶ ይመር መቱ። ከሰፋሪዎቹ ግማሹ ቀርቷል፤ አቶ ይመርን ሰላምታ የነሷቸውም አሉ። እሳቸው ግን መቱ።

ወ/ሮ ሀዋን ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ከሰኞ ጀምሮ፣ ውኃ መቅጃ ሰዓት ላይ፣ ወንዙ ዳር ሩጣንኛ ልማር ነው።